የታሸገው አደራ

በአውሮፕላን ተሳፍሮ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ጥያቄዋን ያውቃታል። «ሻንጣህን ያዘጋጀኸው ራስህ ነህ? አድርስልኝ ብሎ ዕቃ የሰጠህ ሰው አለ?» ጠያቂዋ መልሱን ለመስማት እንኳ ቀና አትልም። እኛ ሐበሾች ግን በዚህች ጥያቄ ፊት ትንሽ እንርበተበታለን። ለመሆኑ ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ በሚበር ሰው ሻንጣ ውስጥ የራሱ የሆነው ምን ያህሉ ነው? የአንዷ እናት የደም ግፊት መድኃኒት አለ፤ ለአንዱ የእህት ልጅ የተገዛ ጫማ አለ፤ ከዚያ በታች ደግሞ ዙሪያውን ፕላስተር የተጠመጠመበት አንድ ካርቶን አለ፤ ሰጪዋን አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ያየናት፣ ተቀባይዋን ጨርሶ የማናውቃት። «ምን አለበት?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ መጠየቅ መጠርጠር ይመስላልና። ሰማይ ሩቅ፣ አደራ ጥብቅ ብለን እንቀበላለን፤ አለቀ።

በዚህ ደግነት የተነሣ በሰው አገር ወህኒ የወረዱ ወገኖቻችን እንዳሉ ሁላችንም ሰምተናል። ስለዚህ የአየር ማረፊያው ሕግ ትክክል ነው፦ ምን እንደያዝክ ካላወቅክ አትያዝ። ይሁንና በዓለም ላይ ሕጉ የዚህ ተቃራኒ የሆነ አንድ ሙሉ ሙያ አለ። ምን እንደያዝክ አትወቅ፤ ብቻ አድርስ የሚል። እኔ በዚያ ሙያ ሦስት የበረዶ ወራት አሳልፌአለሁ፤ በሚኒሶታ ግዛት ደቡብ ምዕራብ፣ ከአንዱ ገበሬ ቤት ወደ ሌላው ገበሬ ቤት ካርቶንና ፖስታ ሳደርስ። ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው እዚያ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ዲፕሎማውም ጋቢና ውስጥ አብሮኝ ነበር ብዬ አልፈዋለሁ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሥራው ያስነሣብኝ አንድ ጥያቄ ነው። ምን እንደተሸከመ የማያውቅ ሰው፣ ለተሸከመው ነገር ሕይወቱን እስከ ምን ድረስ ማስያዝ አለበት?

አስቀድሜ ስለ ክረምቱ ልናገር። ክረምት ስል የእኛ ሐምሌና ነሐሴ እንዳይመስላችሁ። እዚያ ሰማይና ምድር የሚጨክኑት እኛ ገናን አክብረን ታቦት አጅበን ለጥምቀት በምንወርድበት፣ አገሩ ሁሉ ፀሐይ በሆነበት ወር ነው። ቋንቋችንም ለዚህ ነገር አልተሰናዳም። እንደ ጠጠር ወርዶ ሰብል የሚያወድመውም በረዶ ነው፤ እንደ ባዘቶ እየተንሳፈፈ የሚወርደውም በረዶ ነው፤ ውኃ ሲረጋም በረዶ ነው፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውም ያው በረዶ ነው። ደገኞቹ አመዳይ የምትባል ቃል አለቻቸው፤ እሷም ብትሆን ለደጋ ንጋት እንጂ ለሚኒሶታ ጥር የተሰፋች አይደለችም። እኔ የምናገረው ከሰማይ ስለሚወርደው ሳይሆን ከመሬት ስለሚነሣው ነው። ከላይ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ፀሐይም ወጥታለች። ከታች ግን ከሁለት ቀን በፊት የወረደውን ደረቅ በረዶ ነፋስ እያነሣ፣ መንገዱን ከመኪናው ኮፈን ወዲያ ያጠፋዋል። ሰው ፀሐይ እያየ ይታወራል።

አገሩ ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1785 በወጣ አዋጅ የተጀመረ ልማድ ምድሩን በካሬ ማይል ሸንሽኖታልና መንገዶቹ ዛሬም በየ1.6 ኪሎ ሜትሩ እንደ ደብተር መስመር ይተላለፋሉ። በየእርሻ ቤቱ ዙሪያ ከተተከለው የዛፍ አጥር በቀር ነፋስ የሚያቆም ነገር የለም። (በዚያው በ1785 ጀርመናዊው አማኑኤል ካንት ስለ ግብረ ገብ መሠረት የጻፈውን ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። እዚያ ውስጥ ምንም የማያውቅ ሕፃን እንኳ ሲመጣበት ዋጋ የማይጨምር አንድ ባለ ሱቅ አለ። ካንት ታዲያ፣ ባለ ሱቁ ይህን የሚያደርገው ገበያው እንዳይሸሸው ብሎ ከሆነ ሐቀኝነቱ ከግብረ ገብ አይቆጠርለትም ይላል። ሒሳቡ ወደ እኔ ቢዞር፣ በሰዓት የሚከፈለው ሹፌር በረዶውን ሰንጥቆ ቢደርስም ምስጋና የለውም ማለት ነው። ሊሆን ይችላል። ባለ ሱቁ ግን ከሱቁ ወጥቶ አያውቅም።)

በእንዲህ ዓይነቱ መንገድ መንዳት መገመት ነው። የፖስታ ሳጥኖቹ በመንገዱ ዳር በእንጨት ላይ ቆመዋል፤ ከሳጥን እስከ ሳጥን እየቆጠርክ ትሄዳለህ፤ ሳጥን ያጣህ ዕለት ቆመህ ታስባለህ። ሳጥኑ በቀኝ ነው፤ መሪው በግራ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ አዳይ መካከል ላይ ተቀምጦ ግራ እጁን ለመሪው፣ ቀኝ እጁን ለመስኮቱ ሰጥቶ ቀኑን ሙሉ እንደተሰቀለ ይውላል። ፍሬን በድንገት አይረገጥም። ነዳጅ ከግማሽ በታች አይወርድም። ከኋላ አካፋ፣ የአሸዋ ከረጢት፣ ብርድ ልብስ፣ ሻማና ክብሪት ይያዛል። ከመንገድ ወጥተህ የተቀበርክ እንደሆነ የመጀመሪያው ሕግ መኪናህን ጥለህ አለመሄድ ነው፤ መብራቱ የሚታይ ቤት ፍለጋ ወጥቶ መንገድ ላይ የሚቀር ሰው አለና። ሁለተኛው ሕግ የማርሚታውን አፍ ከበረዶ መጥረግ ነው። ካልጠረግኸው፣ ሞቀኝ ብለህ ሸለብ እንዳደረገህ ጭሱ ይዞህ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 1940 ሞቅ ብሎ ባነጋ ቀን በድንገት የተነሣ የበረዶ ማዕበል በዚያች ግዛት ብቻ 49 ሰዎች ገድሏል። ብዙዎቹ ዳክዬ ሊያድኑ ቀለል ያለ ልብስ ለብሰው የወጡ ነበሩ። የእርሻ ሰዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን ዛሬም ያወሩታል፤ አዲስ ሹፌር ሲያዩ ደግሞ በተለይ።

እንግዲህ ለአንድ ካርቶን ይህ ሁሉ ለምን? ታሪኩን ማወቅ ሳይረዳ አይቀርም። እ.ኤ.አ. ከ1896 በፊት የአሜሪካ ገበሬ ደብዳቤውን የሚያገኘው እንደ እኛው ከተማ ወርዶ ነበር። በዚያ ዓመት ኦክቶበር 1 ቀን፣ ከዓድዋ ድል ሰባት ወር በኋላ መሆኑ ነው፣ በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ባሉ ሦስት ትንንሽ ቦታዎች ደብዳቤን ለገበሬው ቀዬው ድረስ የመውሰድ ሙከራ ተጀመረ። በ1902 ቋሚ አገልግሎት ሆነ። በ1913 ደግሞ ጥቅል ዕቃ ደብዳቤውን ተከተለው። እኛ የፖስታ አገልግሎት ያቋቋምነው ከዚያ ሙከራ ሁለት ዓመት ቀድመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ነገር ግን ደብዳቤያችን የሚቆመው ፖስታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ካለችው ሳጥን ነው፤ እኛ ወደ ሳጥኗ እንሄዳለን። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የገበያተኛው፣ የአውቶቡስ ረዳቱ፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው። ልዩነቱ የሥልጣኔ ብቻ አይመስለኝም። የአየሩን ዋጋ ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ ልዩነት ነው። በእኛ ዘንድ ጭቃውን የሚረግጠው ጠባቂው ነው፤ በእነሱ ዘንድ አድራሹ ነው።

ሆኖም ያ የ1896ቱ አሠራር ተቀባዩንም ነፃ አልለቀቀውም። መንገድህ የማያስኬድ ከሆነ ፖስታ አይመጣልህም ተባለ። ፖስታ የፈለገ አውራጃ ድልድይ ሠራ፤ ጉድጓድ ደፈነ፤ ጠጠር አለበሰ። ዛሬም ቢሆን በሳጥኑ ፊት የተከመረውን በረዶ መጥረግ የባለ ሳጥኑ ግዴታ ነው፤ ካልጠረገ አዳዩ አልፎት ሊሄድ ይችላል። በሥራው ላይ ካየኋቸው ደንቦች ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ነው። ጠባቂውም አካፋ ይይዛል።

ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1914 የተከፈተ ግዙፍ የፖስታ ቤት ሕንፃ አለ። ከዓምዶቹ በላይ፣ የአየሩ ጠባይ ምንም ቢሆን መልእክተኛ ከመንገዱ አይቀርም የሚል ይዘት ያለው ጽሑፍ ተቀርጾበታል። ብዙ ሰው ይህ የአሜሪካ ፖስታ ቤት መሐላ ይመስለዋል። አይደለም፤ ድርጅቱ ይፋ መፈክር የለውም። ሐሳቡ የተወሰደው ከግሪካዊው ሄሮዶቱስ ነው፤ እሱም እንዲህ ያደነቀው የፋርስን ንጉሥ ፈረሰኞች ነው። ሕንፃው ላይ ያልተቀረጸው የታሪኩ ክፍል ግን እኔን የበለጠ ያስገርመኛል። ሄሮዶቱስ ፈረሰኞቹን የሚያነሣቸው ንጉሥ ዜርክስስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 በሳላሚስ ባሕር ላይ ተሸንፎ፣ የሽንፈቱን ወሬ ወደ አገሩ በላከ ጊዜ ነው። ንጉሡ አስቀድሞ አቴንስን ያዝኩ የሚል መልእክት ልኮ ነበር፤ ያ ሲደርስ ሕዝቡ በየመንገዱ ቅጠል ጎዘጎዘ፤ ዕጣን አጤሰ። ሁለተኛው መልእክት ሲደርስ ልብሱን ቀደደ። መንገዱ ያው፣ ፈረሱም ያው፣ ግልቢያውም ያው ነበር።

የመልእክተኛ ክብር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ስለማያውቅ አያዳላም። በእኔ መኪና ውስጥ የሽቶ ማስታወቂያና የፍርድ ቤት መጥሪያ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ የውሻ ሹራብና የስኳር በሽተኛ መድኃኒት አንድ ላይ ይንገላታሉ። ሀብታሙ ገበሬ ያዘዘው ወንበርና ድኻይቱ የምትጠብቀው ቼክ ለእኔ እኩል ናቸው፤ ሁለቱም ክብደትና አድራሻ ናቸው። በዓለም ላይ ሰውን በእውነት እኩል የሚያደርግ ነገር ጥቂት ነው፤ ማሸጊያ ፕላስተር ከእነዚህ አንዱ ነው ብል አትሳቁብኝ። ካርቶኑን ከፍቼ ይህ ይረባል፣ ይህ አይረባም ማለት ብጀምር፣ የምመዝነው ዕቃውን ሳይሆን ሰውየውን ይሆን ነበር። ለመሆኑ ለአንዲት ብቸኛ ሴት የውሻዋ ሹራብ እንደማይረባ ማን ነገረኝ?

ታዲያ በዚሁ በማላውቀው ነገር ነው ያዙኝ።

አንድ ጥር ማለዳ ነፋሱ ተነሥቷል፤ ራዲዮኑ ሰው ያለ ጉዳይ እንዳይወጣ ይለፍፋል። እኔ የምሠራበት ድርጅት፣ ስሙ ይቅርና፣ በኮንትራት ዕቃ የሚያደርስ ትንሽ ቤት ነበር። ተቆጣጣሪው ደወለልኝ። ውጣ አላለኝም። «ታውቃለህ አይደል፣ እዚያ ውስጥ መድኃኒት ይኖራል» አለኝ። የትኛው ካርቶን እንደሆነ ጠየቅኩት። እሱም አያውቅም። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥርና ክብደት ብቻ ነው። ይኖራል ነው ያለው፤ አለ አላለም። ያን ዕለት ጭኜ የወጣሁት 60 ያህል ጥቅል ነበር። አንዱ መድኃኒት ሊሆን ስለሚችል ስልሳውም መድኃኒት ሆነው ወጡ።

ነገሩን ልብ በሉልኝ። ያ የሚያምረው እኩልነት ገልበጥ ሲል ምን እንደሚሆን እዩት። አድራሹ ስለማያውቅ ሁሉን እንደ ከባድ ነገር ይይዛል፤ ይህ ክብሩ ነው። አሠሪው ደግሞ አድራሹ እንደማያውቅ ያውቃል፤ ስለዚህ ቀላሉን ዕቃ በከባዱ ስም ያስጭነዋል። አንዲት የልብ ሕመምተኛ አሮጊት በሐሳብ ተፈጥራ ከመጋረጃ፣ ከጫማና ከአሻንጉሊት ፊት ትቆማለች። እሷን እምቢ የሚል ማን አለ? በእሷ ስም የሚጓዘው አሻንጉሊት ግን ትርፉ የሌላ ነው።

እውነተኛዋን አሮጊት ያገኘኋቸው ያን ዕለት ነው። መንገዱ የሚያልቅበት ቤት ነው ያሉት። መብራቴን አይተው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ፤ ፊታቸው ተቆጥቷል።

«ዛሬ ለምን መጣህ?»

«ዕቃ ይዤልዎት ነው።»

«ዛሬ ይምጣልኝ ያለ ማነው?»

ካርቶኑን እዚያው ከፈቱት። የመጋረጃ ቀለበቶች ናቸው። እጃቸው ላይ ይዘው ትንሽ ዝም አሉ። እስከ ፀደይ መጠበቅ እችል ነበር አሉኝ፤ ነፋሱ ከተነሣ ጀምሮ፣ ይህ ሰው መንገድ ላይ ቢሆንስ እያሉ በመስኮት ሲያዩ እንደ ዋሉ ነገሩኝ፤ የሚደውሉበት ቁጥር ፈልገው እንዳጡም ነገሩኝ። ቡና ሰጡኝ፤ የእነሱ ቡና ቀጭን ነው፣ ግን ትኩስ ነበር። ተመልሼ እስክወጣ ድረስ ስለ ቀለበቶቹ ይቅርታ ሲጠይቁኝ ነበር፤ ምንም ሳያጠፉ።

ከዚያ ቤት ስወጣ ያሰብኩት ይህን ነው። ለእኚህ ሴት ሲባል መንገድ እንድወጣ ተጠይቄአለሁ፤ እሳቸውን ግን የጠየቀ የለም። በስማቸው የታዘዘውን አደጋ ቢያውቁ የመጀመሪያዋ ተቃዋሚ እሳቸው ነበሩ። እኛ ስለ ግዴታ ስንጽፍ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሰው እናስባለን፤ ባለ ግዴታውንና ግዴታው የሚገባውን። በመካከል ቆሞ ሁለቱ እንዳይነጋገሩ የሚያደርገውን ሦስተኛውን እንረሳዋለን።

እዚህ ላይ ግን ራሴን መሞገት አለብኝ፤ ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ቀላል ነበር። የዕቃው ዋጋ ሁልጊዜ ካርቶኑ ውስጥ አይደለም። በዚያ አገር በክረምት፣ ልጆቹ ከተማ የገቡበት ሽማግሌ ሳምንት ሙሉ ሌላ ሰው ሳያይ ሊሰነብት ይችላል። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ከደብዳቤ አዳዮች ማኅበር ጋር የሚያካሂደው አንድ ዘዴ አለ፦ አዳዩ ትናንት ያስገባው ደብዳቤ ዛሬም ከሳጥኑ ሳይወጣ ካየ ይናገራል፤ ሰው ይላካል። ስለዚህ አዳዩ የሚያደርሰው ማስታወቂያ ብቻ ቢሆንም፣ ማስታወቂያው ከሳጥን መውጣት አለመውጣቱ የሰው ሕይወት ይናገራል። ይህን ሳውቅ ስለማይረባ ዕቃ የነበረኝ ንቀት ቀነሰ። አንዳንዱ ዕቃ መኪናውን ወደ በሩ ለማምጣት ሰበብ ብቻ ነው። ነገር ግን ይህም ተቆጣጣሪውን አያጸድቀውም፤ እሱ የቆጠረው ካርቶን እንጂ ሽማግሌ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2019፣ በእኛ ጥር 22 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በሚንያፖሊስ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወረደ። ነፋሱ ሲጨመርበት ያልተሸፈነ ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። ያን ዕለት የአሜሪካ ፖስታ ቤት በሚኒሶታና በሌሎችም ግዛቶች ዕደላ አቆመ። በሕንፃው ዓምድ ላይ ስለ ተቀረጸው ነገር በፖስታ ቤቱ የቀለዱ ነበሩ። እኔ ግን ከዚያ የበለጠ ቀጥተኛ ቃል ከዚያ መሥሪያ ቤት ወጥቶ ያውቃል ብዬ አላምንም። ዛሬ አንመጣም፤ ለማንም አንመጣም። ሁሉም እኩል ቀረበት። ካርቶኖቹ እንደታሸጉ በእኩልነት አደሩ፤ ሹፌሩም ከሚወጣውና ከማይወጣው መካከል እንዲመርጥ አልተገደደም።

የእኛ ድርጅት ግን አጭር መልእክት ላከልን። መንገዱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ እንደየኅሊናችሁ። ይህችን ቃል ብዙ አስቤባታለሁ። ስታዩአት ነፃነት ናት። አለቃ ሠራተኛውን በኅሊናው ከማመን የበለጠ ምን ክብር አለ? ውስጧ ሲታይ ግን የወጣው ቢሞት «ማን ውጣ አለው?»፣ የቀረው ደመወዙ ሲቆረጥ «ማን ቅር አለው?» የምትል ቃል ናት። ኅሊና የሚባለው ነገር ባዶ ሜዳ ላይ አይሠራም፤ የሚያውቀው ነገር ይፈልጋል። በካርቶኑ ውስጥ ያለውን ሳይነግሩት፣ የሚጠብቀውን ሰው ሳያገናኙት፣ «እንደ ኅሊናህ» ማለት ዓይኑን የሸፈኑትን ሰው እንደወደድክ ተመልከት ማለት ነው።

እኔ አልወጣሁም። አብሮኝ የሚሠራ፣ በዕድሜ አባቴ ሊሆን የሚችል ያገሬ ሰው ግን ወጣ። ጋሼ ነው የምላቸው። አገር ቤት ሳሉ የጭነት መኪና ነጂ ነበሩ፤ ከመርካቶ ጎጃም ሲመላለሱ የኖሩ። ከከተማው 26 ኪሎ ሜትር ርቀው ሁለት እርሻ መካከል የበረዶ ክምር ውስጥ ገቡ። መኪናቸውን ጥለው አልሄዱም፤ ማርሚታውን እየጠረጉ አራት ሰዓት ቆዩ፤ በረዶ ጠራጊው መኪና አገኛቸው። የቀኝ እጃቸው ትንሿ ጣት ጫፍ ከዚያ ወዲህ አይሰማም። ሳምንት ቆይቼ ቤታቸው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ፖስታ ቤቱ እንኳ ቆሞ እርስዎ ለምን ወጡ?»

«ዕቃው መኪናው ውስጥ አደረ እኮ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያፈጥብኝ አደረ።»

«ምን እንዳለበት አያውቁም።»

«እሱ አይደል ችግሩ! ጫማ መሆኑን ባውቅ እተኛ ነበር። መድኃኒት መሆኑንም ባውቅ፣ አውቄ እወጣለሁ፣ አውቄ እሞታለሁ። እንቅልፍ የነሣኝ አለማወቄ ነው።»

ጣታቸውን እያሹ ትንሽ ዝም አሉና የዓባይን በረሃ አነሡ። በክረምት ጉሙ ወርዶ፣ ጭቃው ተንዶ፣ ያን ቁልቁለት ስንት ጊዜ ወርደውታል። «ጭነቱን የሚሰጠኝ ነጋዴ» አሉኝ፣ «ከመነሣቴ በፊት ጎኔ ቆሞ፣ ሰማዩ ክፉ ከሆነ ጎሐ ጽዮን እደር፣ እንዳትወርድ ይለኛል። ለራትና ለአልጋ ይጨምርልኛል። ደብዳቤ የምትሰጠኝ እናት ደግሞ እግዜር በሰላም ያግባህ ትላለች። እዚህ ስንት ዓመት ጫንኩ፤ አንድ ቀን እደር ያለኝ አለ?»

እኔ መጽሐፍ ገልጬ ያጣሁትን ነገር ጋሼ በአንድ ንግግር አገኙት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አደራ እኛ ዘንድ ጥብቅ ነው እንላለን፤ የምናጠብቀውም በተቀባዩ ላይ ነው፤ አደራ በላ የሚል ስድብ ያለንም ለእሱ ነው። ለአደራ ሰጪው ግን ስድብ አላበጀንለትም። ያላበጀነው ስለማያስፈልግ ነበር። አደራ ሰጪው ፊት ለፊት ይቆማል፤ የመልእክተኛውን ፊት ያያል፤ የሰማዩን ፊት ያያል። ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ሰውየውንም ይልካል፤ ስንቅ የሚሰጠው፣ የሚመርቀው ለዚህ ነው። «እደር» የሚለው ቃል የአደራው አካል ነበር። በእኔና በጋሼ መኪና ውስጥ ያለው ካርቶን ግን እደር የሚል አፍ የለውም። ላኪው በብዙ ሺሕ ኪሎ ሜትር ርቀት ያለ መጋዘን ነው። ጋሼ ላልተሰጣቸው አደራ የአደራን ዋጋ ከፈሉ። ሞኝ ናቸው የሚል ካለ እኔ አልስማማም። ይልቅ እሳቸውን የመሰለ ሰው እንዳለ አውቆ ድርጅቱን በዚያ ላይ ያቆመውን ሰው ነው የምጠይቀው።

እንግዲህ በመጀመሪያ ላነሣሁት ጥያቄ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ የማያውቅ ሰው ሕይወቱን ማስያዝ የለበትም፤ እንዲያስይዝ የሚጠይቀው ሰው አስቀድሞ የሚያውቀውን ሊነግረው፣ የማያውቀውንም ሊጠይቅለት ይገባል። ካርቶኑ እንደታሸገ ይቆይ፤ ፕላስተሩን ቅደዱት አላልኩም። ነገር ግን «ይህ ነገ ቢደርስዎት ይጎዳዎታል?» ብሎ ለመጠየቅ ምን እንደታዘዘ ማወቅ አያስፈልግም። ጥያቄው አራት ቃል ነው።

ይህን የምለው ሞክሬው ነው። በሦስተኛው ዓመቴ የተቀባዮቹ ስልክ በመላኪያ ወረቀቱ ላይ ይታተም ጀመር፤ ለሌላ ጉዳይ ነበር፣ ሰው ደጅ ጠንቶ ቤት ሲያጣ እንዲደውል። ነፋስ በተነሣ አንድ የካቲት ማለዳ ሞተሩን ከማስነሣቴ በፊት ተቀምጬ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ደወልኩ። 19 ቤት ነበር። 15ቱ ይቆይ አሉኝ፤ አንዳንዶቹ ስልክ መደወሌ ራሱ ገርሟቸው የማነህ፣ ከየት ነህ ብለው አስቆዩኝ። አንዱ የሚወልዱ ላሞች አሉኝ፣ መድኃኒቱን ዛሬ ካላገኘሁ እከስራለሁ አለ። አንዲት ሴት የባሏን የልብ ኪኒን ነገ ጠዋት እንደሚጨርሱ ነገረችኝ። አንድ ሽማግሌ ዕቃው እንኳ ይቆይ፣ አንተ ግን ከመጣህ ቡና አለ አሉኝ፤ እሳቸውን ከየትኛው ወገን እንደምቆጥራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ለማንኛውም መንገዴ ላይ ነበሩና ቆምኩ። አስራ ዘጠነኛው ቤት ስልክ አላነሣም። ሦስት ጊዜ ደወልኩ።

የላሙ መድኃኒት ደረሰ፤ ኪኒኑም ደረሰ። ቀኑ ሳይመሽ ወደ አስራ ዘጠነኛው ቤት ታጠፍኩ፤ ነፋሱ በረድ ብሎ ሳጥኖቹ ከሩቅ ይታዩ ጀምረዋል። ሰውየው ውጭ ነበር። እስከ ጆሮው ተሸፋፍኖ፣ በሳጥኑ ፊት የተከመረውን በረዶ በአካፋ እየዛቀ።